የተናጋሪ ዐሥራ አራት ሰማንያ ሰባት ዓረፍተ ነገሮች

ክቡራትና ክቡራን፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣

አስቀድሜ ለዚህ የጡረታ ቀኔ ያደረሰኝን ፈጣሪ አመሰግናለሁ። ቀጥሎ የአስተዳደር ክፍል ሰዎችን አመሰግናለሁ። ወንበር አልበቃ ብሏችሁ ከየፎቁ እየተሸከማችሁ ስታወርዱ ደረጃው ላይ አግኝቻችኋለሁ። ወገባችሁን ይጠብቅላችሁ። ይህን የመሰለ ቋሊማ ላቀረበልን ለሼፍም ምስጋናዬ ይድረሰው። ከባቄላና ከእንጉዳይ የተሠራ ነው። ሥጋ ነው ብዬ ከተናገርኩ ጠበቃችን እዚሁ ትከሰኛለች።

ንግግሬን ጽፌ ነው የመጣሁት። ትምህርቴ ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም፣ ሰው ፊት ስቆምም ምላሴ ይተሳሰራል። ከወረቀቱ ቀና ካላልኩ ንቀት እንዳይመስላችሁ።

ልጄና ባሏ ከፊት ተቀምጠዋል። አባታቸው ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ምን ሲሠራ እንደኖረ በትክክል አያውቁም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ነግሬያቸው አላውቅም። ስለዚህ እናንተ የምታውቁትን ለነሱ ስል ብደግመው ታገሡኝ።

እዚህ ተቋም ውስጥ ሦስት ዓይነት ምርምር አለ። ምድር ቤት ሼፍና ጓደኞቹ ሥጋን የሚተካ ምግብ ከባቄላ፣ ከአተርና ከእንጉዳይ ይሠራሉ። ሼፍ ቅጽል ስሙ ነው፤ ሰውዬው የኬሚስትሪ ዶክተር ነው። አንደኛ ፎቅ ጠበቃችንና ባልደረቦቿ የቅጂ መብት ያጠናሉ። አንድ ሰው የጻፈው፣ የተናገረው፣ የሣለው ነገር የማን ነው? ከስንት ዓመት በኋላስ የሁሉም ይሆናል? ሥራቸው ይህ ነው። ሁለተኛ ፎቅ ደግሞ እኛ ነን፤ ሰው ሲናገር ቃሉ ውስጥ ምን ስሜት እንዳለ እንመዝናለን።

አመዛዘናችን እንዲህ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ስክሪን ላይ ይመጣል። የተናጋሪው ስም የለም፣ ቁጥር ብቻ አለ። ሁለት ሰዎች ለየብቻ አንብበው ምልክት ያደርጉበታል፤ ደስታ፣ ኀዘን፣ ቁጣ፣ ፍርሃት፣ መገረም፣ ፍቅር፣ ቅሬታ፣ ቅናት፣ ወይም «ስሜት የለውም»። ሁለቱ ከተስማሙ ወደ ጥናቱ ስብስብ ያልፋል። ካልተስማሙ ሦስተኛ ሰው ይፈርዳል። ያ ሰው እኔ ነበርኩ። «ዳኛው» ትሉኛላችሁ። ዳኛው «ስሜት የለውም» ካለ ዓረፍተ ነገሩ ከስብስቡ ይወጣል፤ ይግባኝ የለውም።

አንድ ሕግም አለን። ተናጋሪውን በአነጋገሩ ያወቀ ሠራተኛ እጁን ያነሣል፣ ሥራው ለሌላ ሰው ይሰጣል። ለአዲስ ገቢዎች ይህን ሕግ የማስተምረው እኔ ነኝ።

ያንን ሕግ ሰማንያ ሰባት ጊዜ ጥሻለሁ። በዚህ የተነሣ አንዲት ባልደረባችን ያለ ጥፋቷ ከቦታዋ ተነሥታለች። የሟች ባለቤቴም ቃል ከስብስቡ ወጥቷል። ስብስቡ በመጪው ወር ይታተማል። ከመታተሙ በፊት ሁለቱም ወደ ቦታቸው እንዲመለሱ ነው ዛሬ እዚህ የቆምኩት። የስንብት ንግግር እንጂ የንስሐ መድረክ አላዘጋጀንልህም የምትሉ ካላችሁ፣ ትክክል ናችሁ፤ ግን ሁላችሁንም በአንድ ቦታ የማገኝበት ሌላ ቀን የለኝም።

ነገሩ የጀመረው ከሰባት ዓመት በፊት ነው። ሼፍ ቀማሾች ይፈልጋል የሚል ማስታወቂያ ወጣ። ከሠራተኛ ቤተሰብ ቢሆን ይመረጣል ይላል። ማስታወቂያውን አንብቤ ለባለቤቴ የነገርኳት እኔው ነኝ። «ሂጂ፣ ቤት ከምትውዪ» አልኳት። ሄደች።

የሼፍን መቅመሻ ክፍል ያላያችሁ ካላችሁ፣ ጠባብ ነው። ቀማሿ ለብቻዋ ትቀመጣለች፣ ቀለሙ እንዳያታልላት ቀይ መብራት ይበራል። ከፊቷ ትንሽ መስኮት አለች። በመስኮቷ ሳህን ይገባል። በጎን አንድ ብርጭቆ ውሃና ደረቅ ብስኩት፣ ከፊት ደግሞ ማይክ። ሌሎቹ ቀማሾች ቅጽ ይሞላሉ። የኔዋ ግን መጻፍ አትወድም ነበርና «ልናገረው» አለች። ቀዱላት።

በሳምንቱ ምድር ቤቱ በእሷ ወሬ ሞላ። «የጋሼ ባለቤት ምን እንዳለች ሰምታችኋል?» ይባላል። ከአተር የተሠራውን ቀምሳ «ይሄ ሥጋ ነኝ ብሎ ይምላል፣ ምስክር ግን የለውም» ብላለች አሉ። ሌላውን ቀምሳ ደግሞ «ጎረቤት ሲጠብሱ የሚመጣ ሽታ ነው፤ ቀርበህ ስታንኳኳ ሰው የለም» ብላለች። ሰው ይስቃል። እኔም አብሬ እስቃለሁ፣ ጥርሴን ብቻ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያቺን ሴት አላውቃትም ነበር።

እኛ ቤት የነበረችው ሴት ዝምተኛ ናት። ምግብ ታቀርባለች፣ እበላለሁ፣ «ደህና ነው» እላለሁ፣ ሳህኑን ታነሣለች። ሠላሳ አንድ ዓመት። እና ያ ሁሉ ቀልድ የት ተቀምጦ ነበር? ለኔ ሲሆን የት ነው የሚሄደው?

ቀናሁ። ቃሉን ሳላሽሞነሙን ልጥራው ብዬ ነው። እኛ ፎቅ ያለው የውሃ ማፍያ ደህና እየሠራ፣ ሙቅ ውሃ ልቅዳ እያልኩ ፔርሙዝ ይዤ በቀን ሦስቴ ምድር ቤት እወርድ ነበር። ፔርሙዙ ሙሉ ሆኖም ወርጄ አውቃለሁ። ሼፍ፣ አንተ በቁመት ከእኔ ታንሳለህ፣ ፀጉርህም ከእኔ ቀድሞ ሸሽቷል። በምንህ እንደምቀና ለራሴ እንኳ ማስረዳት አቃተኝ።

አንድ ከሰዓት በሩ ገርበብ ብሎ አገኘሁት። ሳህኑን በመስኮቷ አስገብተህ «ምን ተሰማዎት፣ እትዬ?» አልካት። እሷ አኘከች፣ ዋጠች፣ ከዚያ ሳቀች። ከሆዷ ነው የሳቀችው። «ይሄ ባቄላነቱን ረስቷል፤ አታስታውሱት» አለች። እኔ ኮሪደሩ ላይ ፔርሙዜን ታቅፌ ቆሜያለሁ።

ያን ቀን እራት ላይ አላስቻለኝም።

«እዚያ ምን ያስቃችኋል?» አልኳት።

«ምግቡ።»

«ምግብ ያስቃል እንዴ?»

«አንዳንዱ ያስቃል።»

«እዚህስ?»

አየችኝ። ከዚያ ሳህኑን አነሣችና ወደ ጓዳ ገባች። ከዚያ ወዲያ ስለ መቅመሻው ክፍል አንሥተን አናውቅም። አራት ዓመት ቀመሰችላችሁ። ታመመች፣ ብዙም አልቆየችም። ይኸው ሦስት ዓመቷ። እግዚአብሔር ነፍሷን ይማር።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

ባለፈው ዓመት ሦስቱ ፎቅ በአንድ ጥናት ተገናኘ። ሰው አዲስ ምግብ ሲቀምስ የሚናገረው ቃል ውስጥ ምን ስሜት አለ የሚል ጥናት ነው። የቀማሾቹ ቅጂ ሁሉ ወደ ጽሑፍ ተገልብጦ ወደኛ ፎቅ ወጣ። ስም የለውም፣ ቁጥር ብቻ። አንድ ሰኞ ጠዋት ስክሪኔን ስከፍት፣ ሁለቱ መዛኞች ያልተስማሙበት ዓረፍተ ነገር ይጠብቀኛል። ተናጋሪ ዐሥራ አራት። «ይሄ ባቄላነቱን ረስቷል፤ አታስታውሱት።»

አንዷ መዛኝ «ደስታ» ብላለች። ሌላው «መገረም» ብሏል።

እጄን ማንሣት ነበረብኝ። ዶክተር፣ የክፍላችን ኃላፊ፣ ከእኔ አራት ርምጃ ራቅ ብለው ተቀምጠዋል። እጄ ጠረጴዛው ላይ ነበር። አልተነሣም። ትንሽ ቆየና ሄዶ «ስሜት የለውም» የሚለውን ተጫነ።

ዓረፍተ ነገሩ ጠፋ። እውነት ለመናገር፣ ደስ አለኝ።

ከዚያ ሌላው መጣ። ከዚያ ሌላው። የባለቤቴ ቃል ሁለት ሰው አያስማማም ነበርና ብዙው እኔጋ ይደርሳል። እንደደረሰ አጠፋዋለሁ። እኔ ያላገኘሁትን ሳቅ ሌላ ሰው እንዳያገኘው ነው። ሁለቱ ተስማምተው እኔጋ ሳይደርስ ያለፈ እንደሆነ ቀኑን ሙሉ እበሳጫለሁ። በሁለት ወር ሰማንያ ሰባት ሆነ። ጠዋት ጠዋት እጸልያለሁ፤ በሐሜት ይቅር በለኝ፣ በስንፍና ይቅር በለኝ እላለሁ። ዙሪያውን ዞሬ ዞሬ ዋናውን ዘልዬ «አሜን» እላለሁ።

«ደስታ» ያለችውን መዛኝ ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ሳቂታዋ ነው የምንላት። ዛሬ በሩ አጠገብ ነው የተቀመጠችው፤ ከንብረት ክፍል የመጡት ሁሉ እዚያ ስለሆኑ።

ያኔ ጠረጴዛዬ ድረስ መጣች። «ጋሼ፣ ይሄ እንዴት ነው ስሜት የለውም የሚባለው? እኔ ሳነበው ከወንበሬ ልወድቅ ነበር» አለችኝ።

«አንቺን ደሞ ምን የማያስቅሽ አለ?» አልኳት። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። ክፍሉ ሳቀ። እሷም አብራ ሳቀች፣ ግን ፊቷ ቀላ።

በሩብ ዓመቱ መጨረሻ የመዛኞች ውጤት ወጣ። ውጤቱ የሚለካው ምልክታቸው ከዳኛው ፍርድ ጋር ስንት ጊዜ እንደገጠመ ነው። ዳኛውን የሚለካ የለም። ሌላው መዛኝ ይቀያየራል፣ የተናጋሪ ዐሥራ አራት ቃል ግን ሁሌም እሷጋ ይደርስ ነበርና የሳቂታዋ ውጤት የመጨረሻው ሆነ። ያልተጻፈ ስሜት ታነባለች ተባለ፣ ወደ ንብረት ክፍል ተዛወረች። ዕቃዋን በካርቶን ሸክፋ ስትወጣ ልትሰናበተኝ መጣች።

«ጋሼ፣ ሌላ ሰው የማይሰማውን ነው ማለት ነው የምሰማው?»

«ይለመዳል» አልኳት።

ምን ማለቴ እንደነበር እስከዛሬ አላውቅም። ምኑ ነው የሚለመደው?

ከዚያ በኋላ ጠበቃችን ቅጽ ይዛ መጣች። ቀማሾቹ ያኔ የፈረሙት ቅጂው ለቤተ ሙከራ ሥራ እንዲውል ብቻ ነው፤ ለማሳተም ሌላ ፈቃድ ያስፈልጋል።

«እርስዎ ወራሽ ነዎት» አለችኝ።

«የምን ወራሽ? ስለ ባቄላ ነው እኮ ያወራችው።»

«ጣዕሙ የማንም አይደለም፣ ጋሼ። አባባሉ ግን የእሳቸው ነው። እሳቸው ስለሌሉ የእርስዎ ነው።»

እግዜር ያሳያችሁ፣ ያን ጊዜ የተሰማኝ ኀዘን አይደለም። «የእርስዎ ነው» ስትለኝ ልቤ ሞቀ። በሕግ የኔ ሆነች አልኩ።

«ሳቁስ?» አልኳት። «ሳቋም የኔ ነው?»

«ሳቅ ድርሰት አይደለም፣ ጋሼ» አለችኝ፣ በለሆሳስ። «ሳቅ ላይ ሕጋችን ብዙ የሚለው የለም።»

ቅጹን ተቀብዬ መሳቢያዬ ውስጥ ከተትኩት። ሰባት ወር ተቀመጠ። በየሳምንቱ ትጠይቀኛለች፣ በየሳምንቱ መነጽሬን ረሳሁ እላታለሁ። መነጽሬ አፍንጫዬ ላይ ሆኖ እንዲህ ያልኩበት ቀን አለ። አይታ እንዳላየች አለፈችኝ፤ ብድሯን እግዚአብሔር ይክፈላት።

ይህን ሁሉ አድርጌም በሰላም ጡረታ እወጣ ነበር። ያልሆነው በአንድ አንቀጽ ምክንያት ነው። ባለፈው ሳምንት ዶክተር የመጽሐፉን ረቂቅ ስሕተት እንድለቅም ሰጡኝ። ከኋላ ስለ እያንዳንዱ ተናጋሪ ትንሽ መግለጫ አለ። ዐሥራ አራተኛውን ፈለግሁ። እንዲህ ይላል፤ «ተናጋሪ ዐሥራ አራት፤ ሴት፤ በዕድሜ ገፋ ያለች። ቁጥብ ናት። ስሜቷን በቃል አትገልጽም።»

ደጋግሜ አነበብኩት። መዛኝ እኮ ነኝ፣ ሐሰት ሳነብ አውቃለሁ። ከዚያ ደግሞ ይህን መግለጫ ከዚህ ቀደም የት እንደማውቀው ገባኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት እኔው በአእምሮዬ ስጽፈው የኖርኩት ነው። ቤቴ ውስጥ ያደረግኋትን ወረቀት ላይም ደገምኩት። አሁን ደግሞ ታትሞ ሊወጣ ነው፤ የማያውቃት ሁሉ እንዲህ ነበረች ሊል ነው።

በማግስቱ ጸሎቴ ላይ ዋናውን መዝለል አልቻልኩም።

ማክሰኞ ዕለት ዶክተር ክፍል ገብቼ በሩን ዘጋሁና ነገርኳቸው። አልጮኹብኝም። ቢጮኹ ይቀለኝ ነበር። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«ለምን?» አሉኝ።

«ቀንቼ።»

ኮምፒውተራቸው ላይ የሆነ ነገር ፈለጉ። «ጋሼ፣ በዝርዝራችን ላይ ቅናት የሚል አለ። ከሠላሳ ሺህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ እርስዎ ስንት ጊዜ እንደተጠቀሙበት ያውቃሉ? ሁለት ጊዜ። እኔ ምልክቱ ያልገባዎት መስሎኝ ነበር።»

«ገብቶኛል» አልኳቸው። «እኔን የሚመለከት አልመሰለኝም እንጂ።»

ከዚያ ተቆጡ። በልክ ነው የተቆጡት። ስለ ስብስቡ አይደለም፣ ስለ ሳቂታዋ ነው። «ያቺ ልጅ ስምንት ወር ሙሉ ጆሮዋን ስትጠራጠር ከረመች፤ ለእኔ የነገሩኝን እሷ በተናቀችበት ሰው ፊት ይድገሙት» አሉኝ። እሺ አልኩ። ይኸው እየደገምኩት ነው።

ሳቂታዋ፣ ልጄ። ትክክል የነበርሽው አንቺ ነሽ። የሰማሽው ሁሉ እዚያ ነበር። እኔም ሰምቼዋለሁ፤ ሰምቼ ነው የደፈንኩት። በሰው ፊት የሳቅኩብሽን በሰው ፊት ይቅርታ እጠይቅሻለሁ። ይቅር ማለት ካቃተሽ አልፈርድብሽም፤ ከእንግዲህ በማንም ላይ መፍረድ ትቻለሁ። ዶክተር ከሰኞ ጀምሮ ወደ ጠረጴዛሽ እንድትመለሺ ደብዳቤ ጽፈዋል። ሰማንያ ሰባቱም ዓረፍተ ነገሮች እንደገና ይመዘናሉ፣ ያለ ዳኛ።

ረቡዕ ዕለት ደግሞ ሼፍ ጠራኝ። ነገሩን ሰምቷል። የሚያኮርፈኝ መስሎኝ ነበር። «ጋሼ፣ ይግቡ» አለኝና መቅመሻው ክፍል አስቀመጠኝ፣ በእሷ ወንበር። የጆሮ ማዳመጫ ሰጠኝ። ከሞተች ወዲህ ድምፅዋን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

ጽሑፉ ላይ ያልነበረ ነገር እዚያ ሰማሁ። ሼፍ «ምን ተሰማዎት፣ እትዬ?» ይላል። ከዚያ ዝም። ውሃ ትጠጣለች፤ ዝም። ወንበሩ ይንቋቋል፤ አሁንም ዝም ይላል። አንዱን ቆጠርኩት፣ ዐሥራ ስምንት ሴኮንድ ነው። ከዚያ ነው የሚመጣው፣ ያ ቀልድ፣ ያ ሳቅ።

እኔ በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ጠይቄያት ዐሥራ ስምንት ሴኮንድ የጠበቅሁበት ቀን አለ? አስቤ አስቤ አንድም አጣሁ። እሷ ከእኔ የደበቀችው ሀብት አልነበረም፣ ወገኖቼ። ማንም ሰው ቢጠይቃትና ቢጠብቃት ትሰጠው ነበር። ሼፍ የሰረቀኝ ነገር የለም። ጠየቀ፣ ጠበቀ፤ ይኸው ነው። ይህን ካወቅሁ በኋላ መቅናቴን የተውኩ እንዳይመስላችሁ። እንዲያውም ባሰብኝ። በፊት በሳቋ ነበር የምቀናው፤ አሁን በዐሥራ ስምንቱ ሴኮንድ እቀናለሁ።

ቅጹን ትናንት ፈረምኩ። ጠበቃችን፣ ደግ ልብ አለሽና፣ «ሁሉንም መስጠት ግዴታ የለብዎትም፤ ለራስዎ ማስቀረት የሚፈልጉት አንድ እንኳ ካለ መብትዎ ነው» ብለሽኛል። አንድ አለ። ከሰማንያ ሰባቱ አንዱ ስለ እኔ ነው። ሼፍ ከእንጉዳይ የሠራውን አዲስ ነገር አቅምሷት እንዲህ አለች፤ «ይሄኛው እንደ ባለቤቴ ነው። አፍ ውስጥ እያለ ምንም አይልም፤ ከዋጡት በኋላ ነው የሚመጣው።»

አንዱ መዛኝ «ቅሬታ» ብሎታል። ሳቂታዋ «ፍቅር» ብላዋለች። እኔ ምን እንዳልኩት ታውቃላችሁ።

ማስቀረት አማረኝ። ለራሴ ብቻ ባደርገው፣ ጠዋት ጠዋት አውጥቼ እያየሁ «ፍቅር ነው» እያልኩ ብኖር ማን ያየኛል? ግን እንዲህ እያልኩ ነው እስከዛሬ ብቻዬን ስፈርድ የኖርኩት። ስለዚህ እሱንም ሰጥቻለሁ። ሳቂታዋ፣ ሰኞ ጠዋት ያ ዓረፍተ ነገር እንደገና ስክሪንሽ ላይ ይመጣል። የጋሼ ባለቤት ናት ብለሽ እንዳታዝኚልኝ፤ ያየሽውን ምልክት አድርጊ። ቅሬታ ከሆነም ቅሬታ በይው። ከእሷ የሆነ ቅሬታ ቢሆንም ለእኔ ብዙ ነው።

ወገኖቼ፣ በጣም አስረዘምኩ። ሥራችሁን ይባርክላችሁ። ሼፍ፣ እጅህን ይባርከው። ጠበቃችን፣ የምትሟገቺለት እውነት አይጥፋብሽ። ዶክተር፣ ያልጮኹብኝን ያህል እግዚአብሔር በእርስዎ ላይ አይጩህ። ልጄ፣ አንቺና ባልሽ ጎን ለጎን ተቀምጣችሁ አርጁ። ቤቱ የሚጠብቀው ሰው ያለው ሁሉ በጊዜ ይግባ፤ የሌለውን ደግሞ የሰው ድምፅ አያሳጣው።

ለእኔም ጸልዩልኝ። ደንቡ ሰውን በስድሳ ዓመቱ ጡረታ ያወጣል፤ ቅናትን ጡረታ የሚያወጣ ደንብ እስካሁን አልሰማሁም።